መጀመሪያ ገመዱን ፍቱልን!

ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ላይ አዳማ ዳር ቆሞ ያየ ሰው የኢትዮጵያን ኢኮኖሚ በዓይኑ ያየዋል። በመንገዱ ግራና ቀኝ ተሳቢዎቹ ተደርድረው ያድራሉ። ረዳቶቹ በብረት ጎማ እየመቱ ንፋሱን ያዳምጣሉ። ሻይ የሚያፈሉት ሴቶች ከሁሉም ቀድመው ነቅተዋል። ማዳበሪያው፣ ነዳጁ፣ ስንዴው፣ ብረቱ፣ መድኃኒቱ የሚመጣው በዚህ በኩል ነው። ቡናውና ቅባት እህሉም የሚወጣው በዚሁ ነው።

እዚያ ሻይ ቤት ውስጥ አንድ ጠና ያሉ ሾፌር አጠገቤ ተቀምጠው ነበር። ድሮ አሰብ ይመላለሱ ነበር፤ አሰብ ሲዘጋ ወደ ጅቡቲ ዞሩ። ጋዜጣ ላይ እንደምሞነጫጭር ሰምተው ኖሮ፣ “ልጄ፣ ይኼ ነፃ ንግድ የሚሉት ነገር እኛ ጋ የሚደርሰው መቼ ነው?” አሉኝ። እኔም አዋቂ ለመምሰል ስለ ኪጋሊው ስምምነት፣ ስለ ኢጋድ፣ ስለ ኮሜሳ ማብራራት ጀመርኩ። በትዕግሥት ሰምተውኝ ሲያበቁ፣ “ጋሼ፣ ምነው ዝም አሉ?” ብላቸው ብርጭቋቸውን አስቀምጠው ሳቁ። “ኪጋሊ ሩቅ ነው፤ እኔ መተሐራን በሰላም ካለፍኩ ነፃ ንግድ ማለት ለእኔ እሱ ነው” አሉኝ።

ውድ አንባቢያን፣ ለዚህ መልስ አላገኘሁም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ግን ሳወጣና ሳወርድ ከርሜ ይህን ለመጻፍ ተነሳሁ።

ፊርማ ሞልቷል

እንዲያው ለነገሩ፣ ከጎረቤት ጋር ተስማምቶ በመፈረም ኢትዮጵያን የሚያማት የለም። ኢጋድ በ1986 እ.ኤ.አ. ድርቅን ለመከላከል ሲቋቋም ከመሥራቾቹ አንዷ ነበረች። የካቲት 2012 ዓ.ም. ካርቱም ላይ የኢጋድ አገሮች ሚኒስትሮች ሰዎች በነፃ ከአገር አገር እንዲዘዋወሩ የሚል ፕሮቶኮል አጽድቀዋል። መጋቢት 2010 ዓ.ም. ኪጋሊ ላይ የአፍሪካ አህጉራዊ ነፃ የንግድ ቀጠና ሲፈረም ኢትዮጵያ ፈረመች፤ በዓመቱም ፓርላማው አጸደቀው። ከኬንያ ጋር በ2005 ዓ.ም. ልዩ የኢኮኖሚ ግንኙነት ስምምነት ተፈርሟል። ሕዳር 2013 ዓ.ም. ደግሞ ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድና የያኔው የኬንያ ፕሬዚዳንት ኡሁሩ ኬንያታ ሞያሌ ላይ ተገናኝተው፣ ተጓዡ በሁለቱም አገር ሹሞች አንድ ቦታ ላይ ተፈትሾ የሚያልፍበትን የድንበር ጣቢያ መርቀዋል። ኬንያዊና ጅቡቲያዊ ያለ ቪዛ ይገባል፤ እኛም ናይሮቢ ስንሄድ ቪዛ አንጠየቅም። ይህ ሁሉ መልካም ነው፤ ማንም አይጠላውም።

ነገር ግን ወረቀቱን ትተን ሥራውን ስናይ ሌላ ነው። የኮሜሳ ነፃ የንግድ ቀጠና ጥቅምት 1993 ዓ.ም. ሲጀመር 9 አገሮች ገቡ። ከዘጠኙ መካከል ኬንያ፣ ሱዳንና ጅቡቲ ነበሩ፤ ሦስቱም ድንበርተኞቻችን ናቸው። ኢትዮጵያ የኮሜሳ አባል ሆና ሳለ ከነፃ ቀጠናው ውጭ ቀረች። ያኔ የተሰጠው ምክንያት “የእኛ ፋብሪካ ገና ጨቅላ ነው፣ የቀረጥ ገቢውም ይጎድልብናል” የሚል ነበር። ይህን ምክንያት አልንቀውም፤ ጨቅላ ይጠበቃል። ግን ሕፃኑ ስንት ዓመት ነው የሚታዘለው? በዚህ መሀል ጎረቤት ዝም ብሎ አልጠበቀንም። በ1977 እ.ኤ.አ. ፈርሶ የነበረው የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበር በ2000 እ.ኤ.አ. እንደገና ቆመ፤ በ2010 እ.ኤ.አ. የጋራ ገበያ ጀመረ። ከኬንያ በኋላ ደቡብ ሱዳን ገባች፤ በ2024 እ.ኤ.አ. ሶማሊያም ሙሉ አባል ሆነች። ከድንበርተኞቻችን ሦስቱ አንድ ቤት ውስጥ ናቸው ማለት ነው። እኛ ደጅ ቆመን እናያለን።

ሞጆ ላይ ቆመን እንይ

ሞጆ ላይ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። ወደ ምሥራቅ የያዘው በአዳማ፣ በወለንጪቲ፣ በመተሐራ፣ በአዋሽ፣ በገዋኔ፣ በሚሌ አድርጎ ጋላፊ ይደርስና ጅቡቲ ይገባል። ወደ ደቡብ የያዘው በመቂ፣ በባቱ (ዝዋይ የምንላት ማለት ነው)፣ በሻሸመኔ፣ በሐዋሳ፣ በያቤሎ አድርጎ ሞያሌ፣ ከዚያም ናይሮቢ ይዘልቃል። በካርታ ሲታይ ከካይሮ ኬፕታውን ይደርሳል የተባለው ታላቅ የአፍሪካ መንገድ ይኸው ነው። ለጎረቤት ንግድ እግዜር ራሱ መርጦ የሰጠን መስቀለኛ መንገድ ነው።

ገንዘብም አልተሰሰተበትም። የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ ከ2007 ዓ.ም. መግቢያ ጀምሮ እያስከፈለ ይሠራል። ከሞጆ በመቂ ወደ ባቱ የሚወስደውም ተሠርቷል። ሞጆ ላይ ደረቅ ወደብ አለ። መስከረም 2009 ዓ.ም. ተመርቆ በ2010 ዓ.ም. መደበኛ ሥራ የጀመረው 750 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝመው የኤሌክትሪክ ባቡር በቻይና ብድር ተዘርግቷል። ብድሩን የምንከፍለው እኛው ነን፤ ልጆቻችንም ይከፍላሉ።

ታዲያ ምን ጎደለ? የጎደለው ቀላል ነገር ነው። አስፋልቱ ላይ የተዘረጋው ገመድ አልተፈታም።

ገመድ ስል ተረት አይደለም። ሁለት እንጨት፣ በመሀሉ ገመድ፣ ከገመዱ ወዲያ ወንበር ላይ የተቀመጠ አንድ ሰው። ያ ነው ኬላ። አንዳንዱ የጉምሩክ ነው፤ ይታወቃል፣ ሕግ አለው። አንዳንዱ የከተማው ነው፤ “የኮቴ” ብሎ ይቀበላል። አንዳንዱ የወረዳው ነው፤ አንዳንዱ የማን እንደሆነ አይታወቅም። ባለፈው ዓመት ስሙን ከማልጠራው አንድ ኬላ ላይ ሽንኩርት የጫነ አይሱዙ ውስጥ ጋቢና ተቀምጬ ነበር። ሾፌሩ ገንዘቡን ሰጠ፤ ደረሰኝ ጠየቀ። ወንበር ላይ የተቀመጠው ሰው ቀና ብሎ አየውና “ደረሰኝ ከፈለግህ እደር” አለው። ሾፌሩ አላደረም። ሽንኩርት አያሳድርም።

ያቺ ገንዘብ የት እንደምትሄድ አላውቅም፤ ከየት እንደምትመጣ ግን አውቃለሁ። የመቂ ገበሬ ሽንኩርቱን ሲሸጥ ነጋዴው ለገመዱ የሚከፍለውን አስቀድሞ ይቀንስበታል። አዲስ አበባ ላይ የምትገዛው እናት ደግሞ በኪሎ ላይ ይጨመርባታል። ሁለቱም አይተዋወቁም፤ ግን የአንድ ሰው ደመወዝ አብረው ይከፍላሉ። ባቱ የበቀለችው ጽጌረዳ በቦሌ በኩል ሆላንድ ስትደርስ ማንም ገመድ አልዘረጋባትም። እዚያው ጎረቤቷ የበቀለው ቲማቲም ግን ክፍለ አገር ለመሻገር ፈተና ነው። የባሕር ማዶ ደንበኛ ሲከበር የአገር ልጅ ይንገላታል። ይህ ነው ኅሊናን የሚቆጠቁጠው።

ከገንዘቡም የባሰ አለ። ባለፉት ዓመታት ከአዳማ ወደ ወለንጪቲና መተሐራ በሚወስደው መስመር፣ በሌሎችም የኦሮሚያ መንገዶች፣ ሾፌሮችና ተሳፋሪዎች መታገታቸው፣ ቤተሰብም ማስለቀቂያ መጠየቁ በተደጋጋሚ ተዘግቧል። ሕይወታቸው ያለፈም አሉ። ኬላው በየቦታው ሞልቶ ሳለ ሰው ታፍኖ ይወሰዳል። እንግዲህ ኬላው የተተከለው ለጸጥታ ከሆነ ጸጥታው የት አለ?

የቦረና ሰንጋ ታሪክ

አንድ ምሳሌ ልጨምር። የቦረና ከብት በዓለም የታወቀ ዘር ነው። ወይፈኑ ያቤሎ አካባቢ ይገዛል፣ በመኪና ተጭኖ አዳማና ሞጆ አካባቢ ወዳሉት ማድለቢያዎች ይመጣል። ሲሰባ ደግሞ እንደገና ተጭኖ በጅቡቲ በኩል ወደ ዓረብ አገርና ወደ ግብፅ ይላካል። ሕጋዊው መንገድ ይህ ነው።

ሕጋዊ ያልሆነውስ? እሱ አጭር ነው። ሞያሌ ከተማ መሀል ለመሀል ድንበር ያልፍባታል፤ ወዲህ ኢትዮጵያ፣ ወዲያ ኬንያ። ቦረናው በሁለቱም በኩል ዘመድ አለው፤ ቋንቋው አንድ ነው፤ ጉድጓዱና ግጦሹ ድንበር ከመሠመሩ በፊት የነበረ ነው። ሕጋዊው ነጋዴ በየኬላው ሲቆም፣ በየከተማው የኮቴ ሲከፍል፣ የባንክ ፈቃድ ሲጠብቅ፣ ሌላው በሌሊት ነድቶ ያሻግረዋል። ከዚያ በቴሌቪዥን “ኮንትሮባንድ አገር አጠፋ” እንባላለን። አዎን፣ ያጠፋል። ግን ሕጋዊው መንገድ ከሕገወጡ ይልቅ የሚያንገላታ ከሆነ ኮንትሮባንዲስቱን ማን ፈጠረው? “በቅሎ ገመድ በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች” እንዲሉ፣ ገመዱን ባበዛን ቁጥር የሚያጥረው የራሳችን የውጭ ምንዛሪ ነው።

ይህ አዲስ ነገር አይደለም

ገመድ በዘመናችን አልተጀመረም። በዘመነ መሳፍንት ሲራራ ነጋዴ በየወንዙና በየበሩ ይቀረጥ ነበር። አፄ ቴዎድሮስ ሲነግሡ ካደረጓቸው ነገሮች አንዱ ቀረጥ በግዛታቸው ውስጥ በሦስት ቦታ ብቻ እንዲሰበሰብ ማዘዛቸው እንደሆነ የእንግሊዙ ቆንስል ፕላውደን በ1855 እ.ኤ.አ. ለመንግሥቱ ጽፏል። ሦስት ቦታ ብቻ! አስፋልትና ስልክ በሌለበት ዘመን፣ አገር አንድ የምትሆነው ነጋዴ ሲያልፍባት እንደሆነ ቋረኛው ካሳ ገብቷቸዋል።

ምኒልክም የባቡሩን ውል በ1886 ዓ.ም. ሲሰጡ ያሰቡት ይህንኑ ነው። ባቡሩ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። ድሬዳዋን የወለደ፣ አዋሽን፣ ናዝሬትንና ሞጆን ከተማ ያደረገ እሱ ነው። እኛ የአዳማ ልጆች ከሐዲድ የተወለድን ነን ብል ማጋነን አይሆንም። ጉራጌው፣ ኦሮሞው፣ አማራው፣ ሶማሌው፣ ዓረቡ፣ አርመኑ ገበያው ላይ የተገናኘው ማንም ፈቃድ ሰጥቶት አይደለም፤ ባቡር ስላመጣው ነው።

ወደ ቅርቡ እንምጣ። በደርግ ጊዜ የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት እህሉን በቁርጥ ዋጋ ሲገዛ ከክፍለ ሀገር ክፍለ ሀገር እህል ማሻገር በኬላ ተከልክሎ ነበር። ያን ዘመን ያየ ሰው አይረሳውም፤ ለእናቷ ጥቂት ኪሎ ጤፍ የያዘች ሴት ከአውቶቡስ ወርዳ እንደ ሌባ ትፈተሽ ነበር። አንዱ ክፍለ ሀገር ትርፍ ይዞ ሌላው ይራብ ነበር። በ1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ ያ ኬላ ተነሳ፤ እህሉም መንገዱን ራሱ አገኘ። ከዚያ ወዲህ በመጣው ሥርዓት ሁሉ “ነፃ ገበያ” ሲዘመርልን ኖሯል። ታዲያ ያ የተነሳው ገመድ በምን ተአምር ተመልሶ ተዘረጋ?

ሕግ ይጠየቅ ከተባለም ሕጉ ከእኛ ጋር ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በመግቢያው አንድ የኢኮኖሚ ማኅበረሰብ መገንባት አስፈላጊ ነው ይላል። አንቀጽ 32 የመዘዋወር ነፃነት ይሰጣል። አንቀጽ 41 ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በአገሩ ውስጥ በፈለገው ቦታ ሠርቶ የመኖር መብት አለው ይላል። እንግዲህ ከኬንያና ከሩዋንዳ ጋር አንድ ገበያ እንፍጠር ከማለታችን በፊት፣ ባቱና አዲስ አበባ አንድ ገበያ እንዲሆኑ የገባነው ቃል አለ ማለት ነው።

የኤርትራው ትምህርት

“ድንበሩን ብቻ ክፈቱ፣ ሌላው ይስተካከላል” የሚሉም አሉ። እነሱ የኤርትራን ነገር ቢያስታውሱ ደግ ነው። ከ1985 ዓ.ም. ነፃነት በኋላ ሁለቱ አገሮች በአንድ ብር ይገበያዩ ነበር፤ የናዝሬት ሾፌርም አሰብ ሄዶ ይመለስ ነበር። በ1990 ዓ.ም. መጀመሪያ ኤርትራ ናቅፋን ስታወጣ ምንዛሪው በምን ይሁን በሚለው ላይ ሳይስማሙ ቀሩ፤ የእኛ መንግሥት ዋናው ንግድ በዶላር ይሁን አለ። በዚያው ዓመት ግንቦት ጦርነት ተነሳ። የጦርነቱ ምክንያት ገንዘብ ብቻ ነበር አልልም፤ ግን ያለ ግልጽ ሕግ የቆመ ወንድማማችነት ሲፈርስ ምን እንደሚመስል አይተናል።

ሁለተኛም ጊዜ አየን። መስከረም 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ዛላምበሳና ቡሬ ሲከፈቱ ሕዝብ ተቃቅፎ አለቀሰ። እኔም በቴሌቪዥን እያየሁ አልቅሻለሁ፤ አላፍርበትም። ነጋዴው ጤፍና ሲሚንቶ ጭኖ ሄደ። ግን የጉምሩክ ደንብ አልነበረም፣ የምንዛሪ ስምምነት አልነበረም። ጥቂት ወራት ሳይቆይ በሩ አንድ በአንድ ተዘጋ፤ ለምን እንደተዘጋም ለሕዝብ በወጉ የነገረ የለም። ያለ ሕግ የተከፈተ በር ያለ ሕግ ይዘጋል። ትምህርቱ ይኸው ነው።

ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ወሬው ሁሉ ባሕር ሆኗል። ጥቅምት ላይ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ስለ ቀይ ባሕር ተናገሩ፤ ታኅሣሥ ላይ ከሶማሌላንድ ጋር የመግባቢያ ሰነድ ተፈረመ፤ በዓመቱ አንካራ ላይ ከሶማሊያ ጋር እርቅ ሆነ። ባሕር አያስፈልገንም የሚል ኢትዮጵያዊ የለም፤ እኔም አልልም። ነገር ግን ነገ አሰብም በርበራም በእጃችን ቢገባ፣ ጭነቱ የሚያልፈው በዚሁ በአዋሽና በመተሐራ በኩል አይደለም? ወደቡን አግኝተን መንገዱን ካጣን ምን ጠቀመን? “የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች” የተባለው ለዚህ ነው።

“ኬላ ካልኖረ አገር አይኖርም” ለሚሉ

ባለሥልጣናቱ የሚመልሱት ይታወቃል። “መሣሪያ ይዘዋወራል፣ ኮንትሮባንድ ይገባል፣ ወረዳውም በጀት የለውም” ይላሉ። ሦስቱም እውነት አለባቸው። መሣሪያ መፈተሽ አለበት። ኮንትሮባንድ መያዝ አለበት። ወረዳውም ደመወዝ መክፈል አለበት። ግን መሣሪያ የሚፈልግ ሰው ሽንኩርት ላይ የኮቴ አይቀበልም። ኮንትሮባንድ የሚይዝ ጉምሩክ ነው፤ ጉምሩክ ደግሞ ደረሰኝ አለው። ወረዳው በጀት ካጣ በጀቱን ከክልሉ፣ ክልሉም ከፌዴራሉ ይጠይቅ እንጂ ከመንገደኛ ኪስ አይውሰድ። ሕገወጥ ኬላ የንግድ እንቅፋት መሆኑን እኮ የፌዴራል ሹማምንቱ ራሳቸው በአደባባይ አምነዋል። ያመኑትን ይሥሩት እንጂ!

የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። አንደኛ፣ ከሞጆ እስከ ጋላፊ፣ ከሞጆ እስከ ሞያሌ ያሉት ሕጋዊ ኬላዎች ስማቸው፣ ቦታቸውና የሚያስከፍሉት ተዘርዝሮ በጋዜጣና በሬዲዮ ይነገር፤ ከዝርዝሩ ውጭ የተገኘ ገመድ ይቆረጥ፣ የዘረጋውም ይጠየቅ። ሁለተኛ፣ ደረሰኝ የሌለው ክፍያ ሌብነት ነው ተብሎ ይታወጅ። ሦስተኛ፣ ሾፌሩን የሚጠብቅ ኃይል ኬላ ላይ ተቀምጦ ሳይሆን መንገዱ ላይ ይገኝ፤ ለታገተና ለሞተ ሾፌር ቤተሰብም መልስ ይሰጥ። አራተኛ፣ መንግሥት የፈረማቸው የጎረቤት ስምምነቶች የትኞቹ ሥራ ላይ እንደዋሉ፣ የትኞቹ ወረቀት ላይ እንደቀሩ በየዓመቱ ለፓርላማ በግልጽ ይነገር። ነጋዴውም ሾፌሩም ያንን ሰምቶ ይዘጋጅ።

ይህ የተቃዋሚ ወሬ ነው የሚል ካለ፣ ኮቱን አውልቆ ከአዳማ አንድ ተሳቢ ላይ ይሳፈር። ጋላፊ ድረስ ስድስት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በየመንገዱ የሚከፈለውን ራሱ ይቁጠር። ሲመለስ እኛ እንጠይቀዋለን።

ያን ሌሊት ሾፌሩ ሻያቸውን ጨርሰው ሲነሱ፣ “ጻፈው እንጂ ልጄ፤ ግን ስሜን አትጥራ፣ ነገም በዚያው ነው የማልፈው” አሉኝ። ሰላሳ ዓመት መሪ የጨበጠ ሰው በገዛ አገሩ መንገድ ላይ ስሙን ይፈራል። እንግዲህ ኪጋሊ ሄደን ምን ብለን ነው “ነፃ እንቅስቃሴ” የምንለው?

መጀመሪያ ገመዱን ፍቱልን። ጎረቤቱ ጋ እንዴት እንደሚኬድ እኛ እናውቃለን፤ ስንሄድ ነው የኖርነው።

ልብ ያለው ልብ ይበል!